ያልተከተበ ውሻ ባለበት ሰፈር የብስክሌት መስመር ብቻውን አይበቃም፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
በከተማዋ የእንስሳት ጤና ሥራን ለሚመራው መሥሪያ ቤት

ግልባጭ፦ ለወረዳ ጤና ጣቢያዎች፣ ውሻ ለሚያሳድጉ ነዋሪዎች፣ ብስክሌት ለጀመሩና ለመጀመር ላሰቡ ሴቶች

ጉዳዩ፦ የብስክሌት መንገድና የውሾች ክትባት በአንድ ዕቅድ እንዲያዙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው»ም ሆነ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቀው የከተማዋ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ዓላማቸው ይኸው ነው፤ ሰው በእግሩና በብስክሌት በነፃነት እንዲንቀሳቀስ። ሐሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን አንዲት ሴት ብስክሌቷን ከግቢ አውጥታ እስከ አስፋልቱ ለመድረስ መጀመሪያ የምታልፈው የሰፈሯን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከመኪና ባልተናነሰ የሚያስፈራት ውሻ ነው። ይህ ጉዳይ በመንገድ ዕቅዱ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ደብዳቤያችን ስለዚህ ነው።

ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን እናየዋለን፤ ብስክሌት እንነዳለን፣ ውሻም እናሳድጋለን። ጠዋት የውሻ ፍርሃት ይዟት ከቤት የማትወጣው ሴት ብዙ ጊዜ በራሷ ግቢ ሁለት ውሻ አላት። የእሷ ጤናና የውሾቿ ጤና የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም።

ለብስክሌት የሚመቸው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ መኪና አይበዛም፣ ጭሱም ገና አልተነሣም። ውሾቹ ውጭ የሚገኙትም በዚሁ ሰዓት ነው። በከተማችን የግቢ ውሻ ባመዛኙ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሲነጋ በሩ ሲከፈት ይወጣና ከሰፈሩ ውሾች ጋር ይቀላቀላል። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ሌላ ነገር የለውም፤ የሚሽከረከር ጎማና የሚረግጥ እግር ሲያይ ያሳድዳል። ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። ክዳን የሌለው ገንዳና የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ባለበት ማዕዘን ውሾች በቡድን ይሰፍራሉ፣ የሚበሉበትንም ቦታ ከአላፊ አግዳሚ ይከላከላሉ። ስለዚህ ገንዳውን ከብስክሌት መስመሩ ማራቅና ክዳን ማድረግ፣ ሥጋ ቤቶችም አጥንትና ጨጓራ መንገድ ዳር እንዳይጥሉ መቆጣጠር የውሻ መንከስን ከሚቀንሱ ሥራዎች የመጀመሪያው ነው፤ ወጪውም አነስተኛ ነው።

ውሻ የተከተላት ብስክሌተኛ ለመሮጥ ባትሞክር ይሻላል። ውሻ ለአጭር ርቀት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ በዳገት ላይ ደግሞ ማንም አያመልጠውም። በእግር ለመምታት መሞከርም ሚዛን አስቶ ይጥላል፤ ከንክሻው የባሰ ጉዳት የሚመጣው በዚህ ነው። መርገጧን ታቁም፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ ብላ ትያዝ፣ ትውረድ፣ ብስክሌቱንም በእሷና በውሻው መካከል ታድርገው። ዓይን ለዓይን ሳታየው፣ ሳትጮህ፣ በረጋ ድምፅ «ሂድ» እያለች ወደ ኋላዋ በዝግታ ትራቅ። ጎማው መሽከርከሩን ሲያቆም አብዛኛው ውሻ ያሳደደው ነገር ይጠፋበታል። በየቀኑ በምታልፍበት በር ላይ የሚያስቸግር ውሻ ካለ ባለቤቱን ማነጋገር ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደሚደነግገው ባለቤቱ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆን እንኳ። ወረዳዎች ይህን ለነዋሪው ቢያሳውቁ ብዙ በሮች ይዘጋሉ።

ዋናው ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ደግሞ ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። በዓለም ላይ በሰው ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከ100 እጅ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። በሽታውን ከምንጩ የሚያቆመው ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን በየዓመቱ መከተብ ነው። ውሾች ቶሎ ይወልዳሉ፣ ቶሎም ይሞታሉ፤ አንድ ዓመት ከተዘለለ በሚቀጥለው ዓመት በመንገድ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ውሻ ያልተከተበ ይሆናል። በተለያዩ ከተሞች ሲሠራበት የኖረው በመርዝ መግደል ይህን አይተካም። ውሻ ሲሞት ቦታውና ምግቡ ይቀራል፣ ከሌላ ሰፈር ሌላ ይመጣበታል። የተከተበውም አብሮ ይሞታል፤ ባለቤቶችም የሚወዱትን ውሻ ስለሚደብቁ የክትባት ቡድን ሲመጣ አያወጡትም። መርዙ የሚጣለውም ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ላይ ነው። ይህ አሠራር ጨርሶ እንዲቀር እንጠይቃለን።

በአገራችን የውሻ ክትባት ከቤት ውሻ አልፎ ምን እንደሚጠብቅ ለማየት ወደ ባሌ ተራሮች ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በወይብ ሸለቆ ከቤት ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ ከኛ አገር በቀር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ጨፍጭፎታል። የተወሰደው እርምጃ በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን ውሾች መከተብና ቀበሮዎቹንም ራሳቸውን መከተብ ነበር። በዚያ ብርድና ገደል የተሠራ ሥራ በአዲስ አበባ ወረዳዎች የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ዘመቻው እንዲሠራ ጥቂት ዝርዝሮችን ማሟላት አለበት። የክትባት ጣቢያው ውሻ በገመድ ይዞ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ በየቀጠናው መሆን አለበት፤ ክፍለ ከተማ ድረስ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም፣ ታክሲም አይጭነውም። ቀኑ ቅዳሜና እሑድ ይሁን። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ስላለበት በበረዶ ሣጥን ይያዝ፤ ሣጥኑ በየደቂቃው አይከፈት፣ የተከፈተ ብልቃጥም ለሌላ ቀን አይደር። በዘመቻ ጊዜ ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም ይከተቡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እንዲሁ ነው። ቡችሎቹን የሚያቅፉት ልጆች ናቸውና «ገና ነው» ብሎ መመለስ ትልቅ ክፍተት ይተዋል። ለተከተበው ውሻ ቀለሙ በየዓመቱ የሚለወጥ የአንገት ማሰሪያ ቢደረግለት ብስክሌተኛዋም፣ የጤና ጣቢያ ነርሷም ከሩቅ ያውቁታል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመረብ ይዞ የሚከትብ የሠለጠነ ቡድን ያስፈልጋል፤ የቡድኑ አባላት ራሳቸው አስቀድመው መከተብ አለባቸው።

ለዚህ ሁለት አጋጣሚዎች አሉ። አንደኛው «መንገድ ለሰው» ነው። መንገዱ ለመኪና በተዘጋበት እሑድ አንድ ጫፍ ላይ ድንኳን ተተክሎ ውሻ ቢከተብ፣ ብስክሌት የሚነዳውም ውሻ የያዘውም በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ከመስቀል በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ማለትም መስከረም 18 አካባቢ ነው። በዚያ ሳምንት በየግቢው በግና በሬ ታርዷል፤ ውሾች ሳንባና ጉበት በልተዋል። ይህ ሌላ በሽታ ያስከትላል።

በታረደ በግ ወይም በሬ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጭ ከረጢቶች ይታያሉ። ሰዉ «ለውሻ ይሁን» ብሎ ይጥላቸዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት የኮሶ ዓይነት ትል እጮች ናቸው፤ በውሻ አንጀት ውስጥ ያድጉና እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻው ቂጡን ልሶ ፀጉሩን ሲልስ እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ ሰው ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያንኑ የውሃ ከረጢት ይሠራል፤ መውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢት ያለበት ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ለውሻ አይሰጥ። ውሻው በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይውሰድ፤ መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለክብ ትሎች የሚሰጠው የተለመደው መድኃኒት ይህን ትል አይገድልም፤ ስለዚህ ባለቤቱ በየዓመቱ «ትል አስወርጃለሁ» ብሎ ሳለ በሽታው ይቀጥላል። በክትባት ጣቢያው ክኒኑም አብሮ ቢሰጥ ለአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያዎች። የተነከሰ ሰው ሲመጣ ሊጠይቀው የሚችለው ነገር ሁሉ ግልጽ ሆኖ በግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ቁስሉ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ በሰዓት ይለካ። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ይደረግበታል። በቡና ዱቄት፣ በበርበሬ ወይም በቅጠል መሸፈን ቫይረሱን ቁስሉ ውስጥ ያቆየዋል። ቁስሉ ከተቻለ በክር አይሰፋም። ጠበል የሚጠመቅም፣ የአገር መድኃኒት የሚፈልግም ሰው ክትባቱን ግን በዚያው ቀን ይጀምር፣ አንዱንም መርፌ አያቋርጥ።

ንክሻ ብቻ አይደለም አደጋው። ደም ባይወጣው እንኳ የቧጨረ ጥፍር ወይም ጥርስ ክትባት ይጠይቃል። ቆዳን የበሳ ንክሻ፣ በቁስል ወይም በዓይንና በአፍ ላይ የደረሰ ምራቅ ከሆነ ከክትባቱ ሌላ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት ይጨመራል፤ የሰው ከሆነ ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ የፈረስ ከሆነ 40። የሚወጋውም ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ነው። ክትባቱ በጡንቻ ከተሰጠ በመጀመሪያው ቀን (ይህ ቀን 0 ተብሎ ይቆጠራል)፣ በ3ኛውና በ7ኛው፣ አራተኛው ደግሞ ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በቆዳ ውስጥ ከተሰጠ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ቦታ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛውና በ7ኛው ነው። ይህኛው ስልት አንዱን ብልቃጥ ለብዙ ሰው ያዳርሳል፤ የተነከሰ ሰው በሚበዛበት ጤና ጣቢያ የክትባት እጥረትን የሚያቃልለው እሱ ነው። ነርሶች ለዚህ እንዲሠለጥኑ እንጠይቃለን። ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀውን የድሮ ክትባት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እንዲቀር ሲያሳስብ ኖሯል፤ በየትኛውም ወረዳ የሚሰጠው ዘመናዊው የሕዋስ ክትባት ብቻ ይሁን። እርጉዝ ሴትም፣ የምታጠባም ትከተባለች። «እርጉዝ ነሽ፣ አይቻልም» የሚል መልስ ነፍስ ያስጠፋል።

የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አይገደል። ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመ በነከሰበት ዕለት በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ተነካሹም በሐኪም ውሳኔ ክትባቱን ማቆም ይችላል። ከሞተ ወይም ባሕርይው ከተለወጠ፣ መንጋጋው ከወደቀ፣ ልሃጭ ከበዛበት፣ እንጨትና ድንጋይ መንከስ ከጀመረ ጭንቅላቱ በበረዶ ተይዞ ለምርመራ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ጉለሌ ሰዉ ዛሬም ፓስተር ወደሚለው ግቢ ይላክ። ይህን ሥራ የተነከሰው ሰው ሳይሆን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሊሠራው ይገባል። በዱላ ጭንቅላቱን የተቀጠቀጠ ውሻ አይመረመርም።

ከዚህ በኋላ የምንለው ብስክሌት ለምትነዳና ውሻ ለምታሳድግ እኅታችን ነው፤ ቢሮዎቹም በሥልጠናቸው ቢጠቀሙበት ደስ ይለናል። በየቀኑ የሚሮጥ ውሻ ሌሊት ይተኛል፣ ጠዋት ሰው አያሳድድም። ከባለቤቱ ጋር በብስክሌት አጠገብ መሮጥ ደግሞ ለሁለቱም ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፣ አደራረጉ ከታወቀ።

ገመዱ መሪው ላይ አይታሰር፣ እጅ ላይም አይጠምጠም። ድመት አይቶ በድንገት የጎተተ 30 ኪሎ ውሻ መሪውን አዙሮ ይጥላል። ገመዱ ከመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ፣ በተቻለ መጠን ወደ መሬት ቀርቦ ይታሰር፤ ጉልበቱ ወደ ብስክሌቱ መሐል ሲመጣ ሚዛን አይስትም። ውሻው የአንገት ማሰሪያ ሳይሆን ደረቱን የሚይዝ ቀበቶ ይልበስ፤ ሲጎተት ትንፋሹ አይቆምም። የገመዱ ርዝመት ውሻው ከጎን እንዲሮጥ የሚበቃ፣ ግን ከፊት ጎማ እንዳያልፍ የሚከለክል ይሁን። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ውሻው ከመኪናው ርቆ በቀኝ በኩል ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብስክሌቱን በእጅ እየገፉ አብሮ መራመድ፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ መንዳት፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ነው። ፍጥነቱ ውሻው ሶምሶማ የሚሮጥበት፣ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነው። መጋለብ ከጀመረ በዝቶበታል።

ሁሉም ውሻ ለዚህ አይሆንም። አጥንቱ ያልጠና ውሻ ጉልበቱና ዳሌው ይጎዳል፤ መካከለኛ ውሻ አንድ ዓመት፣ ትልቅ ውሻ አንድ ዓመት ተኩል ይሙላው። አፍንጫው የተደፈጠጠ ዝርያ ሙቀቱን በማለክለክ ማውጣት ስለማይችል በብስክሌት አይሮጥ። ውሻ በላብ አይቀዘቅዝም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ስለዚህ የእጅን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ አስቀምጦ መቆየት ካልተቻለ መዳፉንም ያቃጥለዋል፣ ሙቀቱም ይበዛበታልና አይወጣም። ምላሱ በጣም ተንጠልጥሎ ጫፉ ከሰፋ፣ ድዱ ጠቆር ብሎ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ወዲያው ጥላ ሥር ይወሰድ፣ ሆዱና ብብቱ ላይ የቧንቧ ውሃ ይፍሰስበት፣ ንፋስ ያግኝ፣ ወደ ሐኪም ይሂድ። የውሻ ጤነኛ ሙቀት 38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከ41 ካለፈ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት።

በልቶ ወዲያው የሮጠ ትልቅ ውሻ ሌላ አደጋ አለበት። ደረተ ጥልቁ የጀርመን ውሻ ጨጓራው በምግብና በጋዝ ተሞልቶ ይጠመዘዛል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሊያስመልስ ይሞክራል፣ ምንም አይወጣውም። ሰዓታት ብቻ አሉት። ምግቡን ከሩጫው በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይም ካረፈ በኋላ መስጠት ይበጃል። ስለ ምግቡም አንድ ነገር፦ ከገበታ የተረፈ ወጥ ለውሻ ጥሩ አይደለም፤ በርበሬው ብቻ አይደለም ችግሩ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ቢበስሉም። በየቀኑ ቀይ ወጥ የሚበላ ውሻ ደም እያነሰው፣ እየደከመ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ግን «አርጅቷል» ትላለች። እንጀራ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ያልተቀመመ ሥጋ ይሻለዋል። የበሰለ አጥንት ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል።

ስለ ነጂዋ ደግሞ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ትንሹ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ኦክሲጅን አነስተኛ ስለሆነ ጀማሪዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ትንፋሽ ሲያጥራት መደንገጥ የለባትም። እያወራች መንዳት ከቻለች ልኩ ይህ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ናት፤ ከፒያሳ ወደ ቦሌ ቁልቁለት፣ ተመላሹ ዳገት ነው። ጀማሪ ጉልበት እያላት መጀመሪያ ዳገቱን ትውጣ፣ ሲደክማት ወደ ቤት ትውረድ፤ በተቃራኒው የጀመረች ሴት መሐል መንገድ ላይ ትደክምና ነገ አትወጣም። ዳገት ላይ ቀላል ማርሽ ተጠቅማ ቶሎ ቶሎ ትርገጥ፤ ከባድ ማርሽ በቀስታ መርገጥ ጉልበት ያሳምማል።

የጉልበት ሕመም ከዕድሜ ይልቅ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ቁመት ይመጣል። መቀመጫው ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታስቀምጥ እግሯ ሙሉ ለሙሉ ይዘርጋ፤ ከዚያ በእግሯ ፊተኛ ክፍል ስትረግጥ ጉልበቷ በጥቂቱ ይታጠፋል፣ ልኩ ይኸው ነው። ከጉልበት ፊት ለፊት ካመማት መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ከጀርባው ካመማት ከፍ ብሏል፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ መሞከር ነው። መቀመጫው ወደ ፊት ካዘነበለ ክብደቷ እጇ ላይ ይወድቅና ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ቀሚስና ነጠላ ለብሳ የምትነዳ ከሆነ በሰንሰለቱና በኋላ ጎማው ላይ መሸፈኛ ይደረግ፤ ከጎማው ሽቦ የተጠመጠመ ነጠላ በአንድ ዙር ያቆማል።

ሁልጊዜ የሚደክማት፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ ሴት ብርታት ስለጎደላት ነው ብላ አትቀበለው፤ ደሟን ትለካ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ እንደኛ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ሐኪሙ ለከፍታው አስተካክሎ ሊያነበው ይገባል፣ 12 ተኩል ያላትም እጥረት ሊኖርባት ይችላል። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱን ያስቀረዋል። ቡናው ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ፣ ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ብርቱካን ይጨመር። በሁዳዴና በረመዳን የምትጾም ሴት እህልና ውሃ ሳትቀምስ ዳገት ብትወጣ ትዞራለች፤ በእነዚህ ቀናት ከበላችና ከጠጣች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ አጭርና ለስላሳ ጉዞ ታድርግ።

የትራንስፖርት ቢሮው መስመሩን በእግሩ ሳይሆን በብስክሌት ተቀምጦ ይፈትሸው። በጎርፍ መውረጃ ላይ ያለው የብረት ክዳን ክፍተቱ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆነ ጎማ ገብቶበት ነጂዋ ወደ ፊት ትወረወራለች፤ ክዳኑ በ90 ዲግሪ ዞሮ ይገጠም። መስመሩ ከመስቀለኛ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የቀረው የጠርዝ ድንጋይ ለመኪና ጎማ ምንም አይደለም፣ ለብስክሌት ግን ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ በብረቱና በድንጋዩ መካከል ጨፍልቆ በሁለት ቦታ ይበሳዋል። ጠርሙስ ስባሪ ከመኪና መንገዱ ተጠርጎ የሚሰበሰበው እዚሁ መስመር ላይ ነውና ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጠረግ። የመንገድ መብራቱም ያ ሰዓት ሳያልፍ አይጥፋ። ጎሚስታ ጋ የምትሄድ ሴት ደግሞ የመኪና ኮምፕሬሰር ትንሿን ጎማ በሰከንዶች እንደሚያፈነዳት ትወቅ፤ በጎማው ጎን የተጻፈውን ልክ አሳይታ፣ ጥቂት ጥቂት እየነፋ በጣቱ እየሞከረ እንዲሞላላት ትጠይቀው።

ስለዚህ ከሦስታችሁም የምንጠብቀው ተመሳሳይ ቀን ላይ የተጻፈ አንድ ዕቅድ ነው። የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው እሑድ፣ ስንት ውሻ ለመከተብ እንደታሰበና ስንቱ እንደተከተበ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሕዋስ ክትባትና ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚገኙባቸው ጤና ጣቢያዎች ስም፣ የሚከፈቱበት ሰዓትና ቅዳሜና እሑድም ተረኛው ማን እንደሆነ በብስክሌት መስመሩ ዳር ባሉ ሰሌዳዎች ላይ ይጻፍ። መርዝ የመጣል ሥራ በጽሑፍ በወጣ መመሪያ ይቁም። ይህ ሥራ በሚቀጥለው መስከረም እንዲጀመር ክትባቱ ከሰኔ በፊት መገዛት፣ ክትባት የሚሰጡት ሠራተኞችም በሐምሌና በነሐሴ መሠልጠን ስላለባቸው ምላሻችሁን ከግንቦት ወር በፊት እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
ብስክሌት የምንነዳና ውሻ የምናሳድግ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች